ባንድ መሪውን ማን ጠራው? ከኢየሩሳሌም እስከ ነገሌ ቦረና የ«ስፖንሰር» ታሪክ

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ጦር አመጸ። መነሻው ፖለቲካ አልነበረም፤ ውሃና ምግብ ነበር። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፣ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዳ ከለከሉት። ወታደሩ መኮንኖቹን አሰረ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ያዛቸው፤ እሱ የሚበላውን አበላቸው፣ እሱ የሚጠጣውንም አጠጣቸው። በወር ተኩል ውስጥ አመጹ ደብረ ዘይትና አስመራ ደረሰ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወደቀ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የማይነሳው ግን ሌላ ነው። ያን ዕለት ነገሌ ላይ መነቃነቅ የጀመረው መንግሥት ለ50 ዓመት ያህል ከባሕር ማዶ የባንድ መሪና የሙዚቃ አስተማሪ ሲጠራ የኖረ መንግሥት ነበር። ዛሬ «ቪዛ ከነስፖንሰሩ» የምንለውን ነገር ኢትዮጵያ ከሌላ አገር አትለምንም ነበር፤ እሷው ለሌላው ሰው ትሰጥ ነበር።

አሁን ነገሩ ተገልብጧል። በነገሌ፣ በያቤሎ፣ በሜጋም ሆነ በሞያሌ ወጣት ስልክ ላይ «ስፖንሰር» የሚለው ቃል ጠዋትም ማታም አለ። ሹፌር፣ ነርስ፣ መምህር፣ አንዳንዴም የሙዚቃ አስተማሪና የኦርኬስትራ መሪ «ይፈለጋል፣ ቪዛው በእኛ» የሚል ማስታወቂያ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከሞያሌ ኬላ ባሻገር ደግሞ ማንም ስፖንሰር ያላደረገው መንገድ አለ፤ በኬንያና በታንዛኒያ አቋርጦ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀው የደላላ መንገድ። ከሐዲያና ከከምባታ የተነሳ ስንት ወጣት በእነዚህ የቆላ ከተሞች በኩል አልፏል። ስንቱስ ደርሷል?

ስለዚህ «ስፖንሰር ማለት ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። መልሱን ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የራሳችን ታሪክ ይበቃል።

ከዓድዋ ማግስት

የዘመናዊ ማርሽ ባንድ ታሪክ በኢትዮጵያ የሚጀምረው ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ላኩ። መሣሪያ ብቻውን አይነፋምና ሚሌቭስኪ የሚባል ፖላንዳዊ አስተማሪም መጣ። የመጀመሪያዎቹ የቤተ መንግሥት ነፊዎች ከእሱ ተማሩ።

ልብ በሉ፤ ስጦታው ዕቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩንባዎቹ ግምጃ ቤት ገብተው ይዝጉ ነበር። ዕቃውን ባንድ ያደረገው አስተማሪው ነው። አስተማሪውን ያቆየው ደግሞ ቤት ሰጥቶ፣ ቀለብ ቆርጦ፣ ተማሪ መድቦለት «የምትሠራው ይህን ነው» ያለው አካል ነው።

አርባ ልጆች

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ደረሱ። በአርመኖች ገዳም በኩል ሲያልፉ የሕፃናት ማርሽ ባንድ ተቀበላቸው። ነፊዎቹ በኦቶማን ቱርክ ከተፈጸመው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ። አገር የላቸውም፣ ወላጅ የላቸውም፣ የሚጠይቅላቸው መንግሥት የለም። ያላቸው በእጃቸው የያዙት መሣሪያና የተማሩት ሙያ ብቻ ነው።

ራስ ተፈሪ ልጆቹን ወደዷቸው። ነገር ግን «ኑ ተከተሉኝ» ብለው አልሄዱም። ኢየሩሳሌም ካለው የአርመን ፓትሪያርክ ጋር ተነጋግረው ፈቃድ አገኙ፤ ለልጆቹ ኑሮና ትምህርት ኃላፊነት ወሰዱ። በዚያው ዓመት በጳጉሜን ወር 40ዎቹ ልጆች አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡ «አርባ ልጆች» አላቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ከእነሱ ጋር ሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን መጡ። የኢትዮጵያ መንግሥት የመጀመሪያው ይፋዊ የሙዚቃ ጓድ ይህ ሆነ።

ኬቮርክ ለአልጋ ወራሹ ማርሽ እንዲደርሱ ታዘዙ። ዜማውን ሠሩ፣ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፉ። ያ «ማርሽ ተፈሪ» በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ዘውዱ እስኪወድቅ ድረስ ቆየ። ከእልቂት የሸሸ፣ በጥሪ የመጣ የባንድ አስተማሪ የአንድን ነጻ አገር መዝሙር ደረሰ ማለት ነው።

አርባው ልጆች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተበተኑ። ኬቮርክ ግን ቀሩ። በትምህርት ቤት፣ በወታደር ባንድ፣ በቲያትር ዜማ ሲያስተምሩና ሲደርሱ ኖሩ። ጥሪው ለአንድ ሰልፍ ወይም ለአንድ በዓል ቢሆን ኖሮ በሰልፉ ማግስት ያልቅ ነበር። የጠራቸው ሥራ ግን የሚያልቅ አልነበረም፤ ሰው ማሠልጠን ነበርና።

ነገሌ ለመጀመሪያ ጊዜ

የነገሌ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው በ1966 ብቻ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. በጥር ወር የግራዚያኒ ጦር በገናሌ ዶርያ በኩል የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት አጥቅቶ ነገሌን ያዘ። ከሦስት ወር በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ወጡ። አዲስ አበባ ውስጥ ደመወዝ ይከፍል የነበረው፣ ውል የፈረመው፣ መሣሪያ የገዛው መንግሥት ፈረሰ።

ታሪኩ እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ያስተምራል። ስፖንሰሩ አንድ ሰው ሲሆን፣ ሰውየው ሲሄድ ሁሉም ነገር አብሮት ይሄዳል። ከነጻነት በኋላ የመጣው ለውጥ የሚገባን ይህን ስናይ ነው።

ጥሪው ከሰው ወደ ተቋም ሲሸጋገር

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የውጭ አስተማሪው የሚጠራው ለቤተ መንግሥት ብቻ መሆኑ ቀረ። ክብር ዘበኛ የራሱ ሙዚቃ ክፍል ነበረው፣ ፖሊስ ሠራዊት የራሱ፣ ጦር ሠራዊት የራሱ፣ ማዘጋጃ ቤትም የራሱ። በ1936 ዓ.ም. ገደማ ፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሙዚቃ ኃላፊ ሆነው መጡ። የንጉሠ ነገሥቱን 25ኛ የዘውድ በዓል ምክንያት በማድረግ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ሲከፈት ኦርኬስትራውን እንዲመሩ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልዌከር ተቀጠሩ።

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደዱት ግን የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው። ከሶሪያ አሌፖ መጥተው ለአርባ ዓመት ገደማ በማዘጋጃ ቤት፣ በፖሊስና በቲያትር ቤቱ ኦርኬስትራ ሠሩ፤ አሠለጠኑ፤ የኢትዮጵያን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ አቀናበሩ። ያኔ የነበሩ ድምፃውያንና ሙዚቀኞች «ሙሴ ነርሲስ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

የእነዚህ ሰዎች የቅጥር ታሪክ አንድ ጠባይ አለው። ሥራው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ይህን ባንድ ምራ፣ እነዚህን ልጆች አስተምር። ቀጣሪው አድራሻ ያለው መሥሪያ ቤት ነው። ዋናው ደግሞ የቅጥሩ መጨረሻ ግብ የውጭው ሰው ራሱ እንዳያስፈልግ ማድረግ ነው። አስተማሪ ተሳካለት የሚባለው ተማሪው ወንበሩን ሲረከበው ነው።

መለኪያው ደግሞ በእጃችን አለ። የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠሩት በጥሪ የመጡ አርመናዊ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. የተተካውን የደርግ ዘመን መዝሙር ዜማ የሠሩት ኢትዮጵያዊው ዳንኤል ዮሐንስ ናቸው። በ1984 ዓ.ም. የመጣውንና አሁን የምንዘምረውን የሠሩትም ኢትዮጵያዊው ሰለሞን ሉሉ ናቸው። መንግሥትና ርዕዮተ ዓለም ተለዋወጠ፤ ዜማ ደራሲ ከውጭ መጥራት ግን አስፈላጊ መሆኑ ቀረ።

ተማሪው አስተማሪ ሆኖ ሲወጣ

የዚህ ጥረት ሌላው ፍሬ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው። በአሜሪካ ሮቸስተር በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ተመለሱ፤ በኋላ ያሬድ ተብሎ የተሰየመው ብሔራዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። በ1959 ዓ.ም. ገደማ ቡዳፔስት ውስጥ የሃንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ የራሳቸውን ድርሰት አስጫወቱ። ከዋሽንት መንፈስ የተቀዳ ሥራ በአውሮፓ ኦርኬስትራ ተሰማ፤ በትር ይዞ የመራው ኢትዮጵያዊ ነበር። አርባ ልጆች አዲስ አበባ ከገቡ 43 ዓመት ገደማ ቢሆን ነው።

በዚያው ዘመን ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገናና ዋሽንት በአንድ መድረክ የሚገናኙበትን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ አቋቋሙ። ጥቂት ቆይቶ አመራሩ ወደ ተስፋዬ ለማ ተላለፈ። ቡድኑ በ1961 ዓ.ም. ገደማ አሜሪካ ሄዶ አሳየ። ለያሬድ ትምህርት ቤት ደግሞ ቡልጋሪያ በሕንፃውም በመምህራንም ረዳች።

በዚያን ጊዜ ሰው ይሄዳል፣ ሰው ይመጣል። ግን ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ከመድረክ ወደ መድረክ ነው። መሐል ላይ ደላላ የለም።

የታሪኩ ጎደሎ ጎን

ይህን ሁሉ ብሎ «ደጉ ዘመን» ብሎ መዝጋት ግን ሐሰት ነው። ኮንቶሮቪችም፣ ዘልዌከርም፣ ቲያትር ቤቱም፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱም አዲስ አበባ ነበሩ። መንግሥት ከኦስትሪያና ከአሌፖ አስተማሪ ማምጣት ችሎ ነገሌ ላይ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ማስጠገን አቃተው። ጠዋት ጠዋት በኬቮርክ ዜማ ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቀልለት ወታደር ከሰዓት የሚጠጣው ንጹሕ ውሃ አልነበረውም።

የቦረናና የጉጂ ሕዝብም የራሱ ዜማ፣ የራሱ ሥርዓት፣ ዘመን የሚቆጥርበትና ትውልድ የሚያስተላልፍበት የቃል ዕውቀት ያለው ሕዝብ ነው። ያን ዕውቀት በደመወዝ ቀጥሮ «ለልጆች አስተምር» ያለ ጥሪ ግን ወደ ቆላው አልወረደም። ጥሪው የሚደርሰው እስከ ፒያሳ ነበር። ስለዚህ የ1966ቱን አመጽ ከሙዚቃ ታሪኩ ነጥሎ ማየት አይቻልም፤ ሁለቱም የአንድ መንግሥት ሥራዎች ናቸው። ሩቅ ያለውን በክብር ይጠራል፣ ጠረፍ ላይ ያለውን የራሱን ሰው ይረሳል።

ጠሪዋ ላኪ ስትሆን

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የሰዓት እላፊ የምሽት ሙዚቃን ዘጋው። የሙዚቀኛው እንጀራ ጠበበ፤ የሚችል መውጣት ጀመረ። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አወጣጥ እናያለን።

አንደኛው ከዚያ ቀደም ብሎ የነበረው የፕሮፌሰር አሸናፊ ነው። በአሜሪካ ዶክትሬታቸውን ይዘው በዩኒቨርሲቲዎች አስተማሩ፤ በኋላም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው በ1990 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ሠሩ። የጠራቸው ዲግሪያቸውንና ሥራቸውን የሚያውቅ ተቋም ነበር።

ሁለተኛው የዋሊያስ ባንድ ጉዞ ነው። ባንዱ በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሄዶ ተጫወተ። ጉብኝቱ ሲያበቃ ከፊሎቹ ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነበሩ። እኒህ ትልቅ ሙዚቀኛ ለረጅም ዓመታት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዱ። ደንበኛ ሲጠብቁ መኪናቸው ውስጥ ኪቦርዳቸውን ያወጡ ነበር። ዓለም እንደገና ያገኛቸው በ2005 ዓ.ም. የድሮ ሥራቸው በድጋሚ ሲታተም ነው። ታክሲ መንዳት የተከበረ ሥራ ነው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፦ ለመድረክ የተሰጠ የጉብኝት ቪዛ አገር ያስገባል እንጂ ሙያን አያሠራም። በሙያ የሚያስጠራው ውል ነው።

ዛሬ ነገሌ ሆኖ ስልኩን ለሚያየው

ከታሪኩ የሚወጡት መለኪያዎች ሦስት ናቸው። ሦስቱም ዛሬ ይሠራሉ።

አንደኛ፣ ውል ከመንገድ ይቀድማል። አርባ ልጆች ከኢየሩሳሌም የተነሱት ስምምነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ዛሬም በእንግሊዝ ሕግ ለሥራ ቪዛ ስፖንሰር መሆን የሚችለው ፈቃድ ያለው ቀጣሪ ብቻ ነው፤ የባለፈቃዶቹ ዝርዝር ለማንም ክፍት ሆኖ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ «ኦርኬስትራ» ወይም «ትምህርት ቤት» ቪዛ ሊያስገኝ አይችልም። በአሜሪካም የሥራ ቪዛ ማመልከቻ የሚጀምረው ቀጣሪው ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሲያመለክት ነው። በመምህራን ልውውጥ ፕሮግራም ለመግባት ደግሞ ቢያንስ የሁለት ዓመት የማስተማር ልምድ ይጠየቃል። የኦርኬስትራ መሪነት ከሁሉም የጠበበ በር ነው፤ ሙዚቀኞቹ ፊት ቆሞ መርቶ ማሳየት ይጠይቃል። ማንም ሳያይህና ሳይሰማህ «የኦርኬስትራ መሪ አድርገን ቀጥረንሃል» ካለህ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚጠራው ይከፍላል። ከአሌፖና ከኦስትሪያ የመጡት አስተማሪዎች ለመጠራት ገንዘብ አልከፈሉም። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ም የቪዛና የሥራ ፈቃድ ክፍያን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣንና መድንን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የሰነድ ማረጋገጫ ያለውን የግሉን ወጪ ነው። ስለዚህ «ለስፖንሰርሺፕ አስቀድመህ ይህን ያህል ላክ» የሚል ሁሉ ስፖንሰር አይደለም፤ ቤተሰብ ከብት ሸጦ የሚከፍለው ደላላ ነው።

ሦስተኛ፣ ከጀርባው ተቋም ይኑር። አንድ ግለሰብ ላይ የተንጠለጠለ ጥሪ ግለሰቡ የወደቀ ቀን ይወድቃል። 1928ም 1966ም ይህንኑ አሳይተዋል። በአንዳንድ የዓረብ አገሮችም የመኖሪያ ፈቃዱ በአሠሪው ስም የታሰረ ሠራተኛ ከአሠሪው በተጣላ ዕለት አገር አልባ ያህል ይሆናል። ስፖንሰር የሚያቆም ድጋፍም ነው፣ የሚያስር ገመድም ነው። ውሉ ውስጥ «ሥራው ቢቋረጥስ?» የሚለው መልስ ከሌለ ገመዱ ብቻ ነው ያለው።

ለጠሪዋ አገር ደግሞ

ነገሩ ግን የወጣቱ ብቻ አይደለም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት አለ። ትምህርቱ መጽሐፍ ላይ መጻፉ መምህሩን ወደ ነገሌ ወይም ወደ ሞያሌ አይጠራውም። የሚጠራው የታወቀ የሥራ መደብ፣ የማይቋረጥ ደመወዝ፣ ቤት፣ መሣሪያና «እነዚህን ልጆች አስተምር» የሚል ግልጽ ኃላፊነት ነው። አንድ ጊዜ ይህን ለኬቮርክ ማድረግ ችለናል። አገርና ወላጅ ላልነበራቸው 40 ልጆችም አድርገናል። ከመቶ ዓመት በኋላ ለራሳችን ልጅ ማድረግ ካቃተን ችግሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

ሰው ወደ ተጠራበት ይሄዳል። አገሩ ካልጠራው ሌላ ይጠራዋል፤ ሌላ ካልጠራው ደላላ ይጠራዋል።

የነገሌ ወታደር የተላከለትን ጄኔራል ንግግር ከመስማቱ በፊት የራሱን ውሃ አስቀመሰው። «ና» የሚለውን ሁሉ፣ የሩቅም ይሁን የቅርብ፣ በዚያው መንገድ መፈተን ይቻላል። የምትጠራኝ ቦታ ያለውን ውሃ አንተ ትጠጣዋለህ?